የሴት ሐኪሞች መረብ ሌላ የቴሌግራም ግሩፕ ሆኖ እንዳይቀር፦ ለአንዲት ሬዚደንት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በአንድ የክልል ሪፈራል ሆስፒታል የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ስልጠና ላይ ያለሁ ሐኪም) ነኝ። በባቻችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ። በሌሎች ዲፓርትመንቶች ካሉ ሴት ሬዚደንቶች፣ ከጥቂት ጂፒዎች (ጠቅላላ ሐኪሞች) እና ከአንዲት አንስቴቲስት (የማደንዘዣ ባለሙያ) ጋር ሆነን የሴት ሐኪሞች መረብ ለመጀመር አስበናል። አንድ የምናከብረው ሲኒየር ግን ‹ማኅበር እያለ ሙያውን በፆታ ለምን ትከፍሉታላችሁ? የጤና ሚኒስትሯም ሴት ናት› አለን። በእርስዎ እይታ ጥቅም አለው? ካለውስ ሌላ የቴሌግራም ግሩፕ ሆኖ እንዳይቀር ከምን እንጀምር? ወንዶችንስ እናስገባ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥቅም አለው፤ ጀምሩት። ጥቅሙ ከየት እንደሚመጣ ግን ትንሽ ማብራራት ስለሚፈልግ ታገሽኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው መደጋገፍና አይዞሽ መባባል ነው። ክፉ አይደለም። ለአይዞሽ ብቻ ከሆነ ግን እናትም፣ ጓደኛም፣ የነፍስ አባትም አሉ። በሙያ ውስጥ መረብ የሚያስፈልገው ለሌላ ጉዳይ ነው፦ ኬዙን (ኦፕሬሽኑን) ማን እንደሚሠራው፣ የስልጠና ዕድል ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚሰማ፣ ለፌሎውሺፕ (ከስፔሻሊቲ በላይ ላለው ስልጠና) የማን ስም እንደሚጠራ፣ የዱቲ (የተረኝነት) ሠንጠረዡን ማን እንደሚያወጣው። እነዚህ ካልተነኩ በየወሩ ቡና ብትጠጡም ከሁለት ዓመት በኋላ የምታወሩት ስለዚያው ችግር ነው።

ሲኒየራችሁ «ማኅበር አለ» ማለታቸው እውነት ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ከስልሳ ዓመት በላይ ኖሯል፣ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አለ፣ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር አለ፣ የሴት ሐኪሞች ማኅበርም ቢሆን በአገራችን አለ። ብቻ ኬዝ በማኅበር ስብሰባ አይከፋፈልም።

የት ይከፋፈላል? የብዙ ሆስፒታሎቻችንን የኦ.አር. (የኦፕሬሽን ክፍል) መግቢያ አስቢው። ሁለት የልብስ መቀየሪያ ክፍል አለ። በወንዶቹ ክፍል ሲኒየሩ፣ ቺፍ ሬዚደንቱና የአንደኛ ዓመቱ ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ስክራብ ይለብሳሉ። በሴቶቹ ክፍል ደግሞ ነርሶች፣ አንስቴቲስቶች፣ የጽዳት ሠራተኞችና፣ ከተገኘች፣ አንዲት ሬዚደንት። «ነገ ያቺን ታይሮይድ አንተ ግባባት፣ እኔ አሲስት አደርግሃለሁ» የምትለው ቃል የምትነገረው እዚያ፣ ጫማ እየተቀየረ ነው። ማንም አንቺን ላግልል ብሎ አልተነሳም። ከግድግዳው ማዶ ስለሆንሽ አልሰማሽም፣ በቃ። ጠዋት የኦፕሬሽን ሊስቱ ተለጥፎ ስታይው ነገሩ አልቋል። ከዱቲ በኋላ ያለው ማኪያቶ፣ የቅዳሜው ኳስ፣ የማታው ድራፍትም እንዲሁ ናቸው። የወንዶቹ መረብ ስም የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ሊቀመንበር የለውም፤ ግን በየቀኑ ይሠራል። ስለዚህ «መረብ ይኑር ወይስ አይኑር» የሚለው ጥያቄ ድሮ ተመልሷል።

ይህ ኬዝ ላይ ብቻ አይደለም የሚታየው። ሄዘር ሳርሰንስ የተባለች ኢኮኖሚስት የአሜሪካን የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) መረጃ ይዛ አንድ ነገር ተከታተለች። ታካሚ በቀዶ ሐኪም እጅ ላይ ሲሞት፣ ያንን ታካሚ የላከው ሐኪም ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? ቀዶ ሐኪሙ ወንድ ከሆነ መላኩን ብዙም ሳይቀንስ ይቀጥላል። ሴት ከሆነች በጉልህ ይቀንሳል፤ የሚገርመው ደግሞ ምንም ላላጠፉ ለሌሎች ሴት ቀዶ ሐኪሞችም መላኩን ይቀንሳል። ሴቶቹ የባሰ ውጤት ስላላቸው እንዳይባል፣ በካናዳ ኦንታሪዮ ከ100 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያየና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሴት ቀዶ ሐኪሞች የታከሙት በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በጥቂቱ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ልዩነቱ ጥቂት ነውና ባነር ላይ አትለጥፉት። የሳርሰንስን ግኝት ግን በልባችሁ ያዙት፤ የአንዷ ኮምፕሊኬሽን (ከኦፕሬሽን በኋላ የመጣ ችግር) በሁላችሁም ሒሳብ ይመዘገባል ማለት ነው። ስለዚህ ከእናንተ አንዷ ሞርታሊቲ (የሞቱ ታካሚዎች ጉዳይ የሚገመገምበት ስብሰባ) ላይ ኬዝ የምታቀርብ ከሆነ ከዋዜማው ሁለት ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ አስለማምዷት። ሲኒየር የሚጠይቀውን ሁሉ ጠይቋት። ላብ ውጤቱ በስንት ሰዓት እንደመጣ፣ ደሙ ለምን እንደዘገየ፣ ሬላፓራቶሚ (ሆድን ዳግም መክፈት) ለምን በዚያ ሰዓት እንደተወሰነ፣ ሁሉንም ከነሰዓቱ ይዛ ትግባ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሳይሆን ለማስረዳት የተዘጋጀች ሬዚደንት ስትቆም አዳራሹ ውስጥ ያለው አነጋገር ራሱ ይቀየራል።

አሁን ስለ «መከፋፈል»። ይህች ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ አላት። ቀዶ ሐኪሟ በርታ ቫን ሁሰን በ1915 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የአሜሪካ ሴት ሐኪሞች ማኅበርን ስትመሠርት ከተቃወሟት መካከል ሴት ሐኪሞችም ነበሩበት፦ ዋናው ማኅበር በሩን እየከፈተልን ለምን ተለይተን እንወጣለን? ብለው። ሁለት ዓመት ቆይቶ አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ጦሩ ለሴት ሐኪሞች መኮንንነት አልሰጥም አለ። በሩ ተከፍቷል የተባለው የት ድረስ እንደሆነ ያኔ ታየ። ማኅበሩ የአሜሪካ ሴቶች ሆስፒታሎች የሚባል ክንፍ አቋቁሞ ሐኪሞቹን ፈረንሳይ ድረስ ላከ። በ1919 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የሴት ሐኪሞች ማኅበር ኒው ዮርክ ላይ ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬ አለ።

ለእናንተ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ1981 እ.ኤ.አ. ታሪክ ነው። ፓትሪሺያ ኑማን፣ የኒው ዮርክ ግዛት የሰራኪዩዝ ከተማ ቀዶ ሐኪም፣ በአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ (ስሙ ኮሌጅ ቢሆንም የሙያ ማኅበር ነው) ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለመጡት ሴት ቀዶ ሐኪሞች ቁርስ ጠራች። ከዚያ ቁርስ የሴት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ወጣ፤ ለኢንተርንና ለሬዚደንት የሚሆን የኪስ መምሪያም አሳተመ። ኑማን በ2011 እ.ኤ.አ. የዚያው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ በታሪኩ ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። ከቁርሱ እስከ ወንበሩ 30 ዓመት። ደግሞ ቁርሱ የተበላው ከኮሌጁ ተለይቶ በተጠራ ሌላ ጉባኤ ላይ አይደለም፤ እዚያው፣ ሁሉም በተሰበሰበበት ነው። ዋናውን ቤት ሳይለቁ በውስጡ አንድ ጠረጴዛ መያዝ ይቻላል። ሲኒየራችሁ ቅን ሰው ከሆኑ (እንደምታከብሯቸው ነግረሽኛል) ይህንን ይረዱታል።

ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የምሥራቅ፣ መካከለኛና ደቡብ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ በተለምዶ ኮሴክሳ የምንለው፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥሩ የሴት ቀዶ ሐኪሞች ክንፍ አለው፤ ዊሳ ይባላል። በዚያው ሰሞን የቀጠናው ቀዶ ሐኪሞች ሲቆጠሩ ሴቶቹ 9 በመቶ ገደማ ነበሩ። ዊሳን ዛሬውኑ ፈልጊው፤ ሬዚደንት ሆነሽ መግባት ትችያለሽ።

«ሚኒስትሯም ሴት ናት» ለሚለው፦ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ዶ/ር ሊያ ታደሰ ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር ነበሩ፤ በእሳቸው ቦታ ዶ/ር መቅደስ ዳባ ተተኩ። ሁለቱም የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች ናቸው። ይህ በራሱ ይናገራል። ሴት ሐኪሞች ከላይ ድረስ የወጡበት መንገድ አለ፣ መንገዱ ግን የሚያልፈው ሴት መኖሯ በተለመደባቸው ዲፓርትመንቶች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከጤና ባለሙያው 70 በመቶ ያህሉ ሴት ሆነው ከከፍተኛ አመራሩ ግን 25 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ጽፏል። ከላይ አንዲት ሴት መኖሯ መሃሉ ስለ መሙላቱ ማስረጃ አይሆንም። ያንቺም ጉዳይ ሚኒስቴሩ ጋ አይደለም ያለው፤ ማክሰኞና ሐሙስ በሚወጣው ሊስት ላይ ነው።

ከምን እንጀምር ላልሽው፣ ከሎግቡክ፣ የገባሽበት ኬዝ ሁሉ ከሚመዘገብበት ደብተር።

ሁላችሁም ሎግቡክ ትሞላላችሁ፣ ግን ብዙዎቻችን የምንሞላው ለፊርማ ነው። ለሦስት ወር በቁም ነገር ሙሉት። ቀን፣ የኬዙ ዓይነት፣ ኢመርጀንሲ (ድንገተኛ) ነው ወይስ ኢሌክቲቭ (በቀጠሮ የሚሠራ)፣ ማን መደበሽ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚናሽ፦ ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዘውን መሣሪያ) ነው የያዝሽው? ከፍተሽ ዘግተሻል? ዋናውን ክፍል ሲኒየር ቆሞ አሠርቶሻል? ሲኒየር ሻይ ቤት ሆኖ ብቻሽን ሠርተሻል? «አሲስት» የሚለው አንድ ቃል ይህንን ሁሉ ይደብቃል። የተቆጠረው ኬዝ እኩል ሆኖ በእጅ የተሠራው ግን ግማሽ ሊሆን ይችላል። በሌላ አገር የተሠሩ ጥናቶችም ሴት ሬዚደንቶች በራሳቸው እጅ እንዲሠሩ የሚሰጣቸው ነፃነት እንደሚያንስ አሳይተዋል። ከባቻችሁ ወንዶችም ሁለት ሦስቱን «የእናንተንም ስጡን» በሏቸው፤ ይሰጣሉ። ብዙዎቹም ስለ ራሳቸው ማወቅ ይፈልጋሉ፣ ሲኒየር የማይወደው ወንድ ሬዚደንትም አለና።

ከዚያ በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ለፕሮግራም ዳይሬክተሩ ውሰዱት። «አድልዎ አለ» ብላችሁ አትጀምሩ። «ካሪኩለሙ በሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ይህን ያህል ሄርኒያ፣ ይህን ያህል አፔንዴክቶሚ ይላል፤ እኔ እዚህ ላይ ነኝ፤ በቀሩት ወራት እንዴት እሞላለሁ?» በሉ። ሰው በስሜት ሊከራከርሽ ይችላል፤ ራሱ ከፈረመበት ሎግቡክ ጋር መከራከር ግን ይቸግረዋል። በቁጥሩ ልዩነት ከሌለ ደግሞ እሰየው፤ ተዉትና ወደሚቀጥለው እለፉ። የሌለ ችግር ላይ ጉልበት አትጨርሱ።

ከዚህ ጋር አንድ ትንሽ ድል ፈልጉ። የእኔ ምርጫ ጓንት ነው። ስቴራይል ጓንት በብዙ ቦታ የሚገኘው ሰባትና ሰባት ተኩል ነው። እጅሽ ስድስት ተኩል ከሆነ ጣትሽ ጫፍ ላይ የሚታጠፈው ትርፍ ላስቲክ ክር ስትቋጥሪ ከቋጠሮው ጋር አብሮ ይገባል፤ ሲኒየሩ ደግሞ «እጅሽ ዘገየ» ይላል። ይህ በስልጠና የሚታረም ስህተት አይደለም፣ የግዥ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የዓመቱ ፍላጎት የሚሰበሰበው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የኦ.አር. ኃላፊዋን ሲስተር ቀርባችሁ፣ ስድስትና ስድስት ተኩል የሚለብሰው ሰው ስንት እንደሆነ ቆጥራችሁ፣ በፋርማሲው በኩል ወደ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በሚሄደው ዝርዝር ላይ አስገቡ። ስክራብ ነርሶቹ ራሳቸው ከእናንተ በላይ ሲቸገሩበት የኖሩ ናቸው፤ ወዳጅ የምታፈሩበትም መንገድ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ስብሰባ ከመክፈት አንድ ካርቶን ስድስት ተኩል ማስመጣት ይበልጣል።

የዱቲ ክፍልም እንደዚሁ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ ቁልፍ የሌለው በር፤ ወንዶቹ ሲተኙ ሴቷ ነርሶች ጣቢያ ወንበር ላይ ታነጋለች። ማደሪያ ክፍል መጠየቅ ብዙ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ ግን የሆስፒታሉ ጥገና ክፍል በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል። ከመቀርቀሪያው ጀምሩ።

ከባዱ የእርግዝናና የወሊድ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም መረቦች የሚፈርሱት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ሕግ አለ። ለግል ሆስፒታሎች የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝ ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሌሊት ሥራ መመደብንም ይከለክላል። በመንግሥት በኩልም የወሊድ ፈቃድ አለ። ችግሩ ሕጉ የሰጣትን ሌሊት ማን እንደሚሠራው አለመናገሩ ነው። አምስት ሬዚደንት ባሉበት ዲፓርትመንት አንዷ አራት ወር ስትወጣ የእሷ ዱቲ በአራቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። አራቱ በሕጉ ላይ አይናደዱም፤ በእሷ ላይ ነው የሚናደዱት። በሚቀጥለው ዓመት ሬዚደንት ሲመረጥ «ሴት እንዳታበዙ» የምትለዋ ሹክሹክታ የምትወለደው ከዚያ ድካም ነው። ሴቷም ይህንን ስለምታውቅ እርግዝናዋን እስከ ስድስተኛ ወር በሰፊ ጋውን ትሸፍናለች፤ ሲታወቅ ደግሞ ለመዘጋጀት ጊዜ አልቋል።

መረባችሁ እዚህ ላይ እውነተኛ ሥራ አለው። አንዲት ሬዚደንት ማርገዟን ከሌላው ሁሉ በፊት ለእናንተ መንገር ከቻለች ቀሪው ይቀላል። ከእሷ ጋር ሆናችሁ ካላንደር ዘርጉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅለሽለሽ ካለፈላት በኋላ፣ አቅሟ በፈቀደና ሐኪሟ በተስማማ ልክ፣ ከፈለገች የቅዳሜና እሁድ የቀን ዱቲዎችን ቀድማ ትውሰድ፤ ኤክስሬይ የሚነሳባቸውን የአጥንት ኬዞች ለሌላ ትለውጥ፤ የሪሰርች ወሯንና አታችመንቷን (በሌላ ክፍል የምትሠራበትን ጊዜ) ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ትግፋ። ይህ ሁሉ ተጽፎ ለቺፉና ለፕሮግራም ዳይሬክተሩ ቀድሞ ከቀረበ ባልደረቦቿ የሚሰሙት «ሄደች» የሚል ዜና አይሆንም፣ የተዘጋጀ ዕቅድ ነው። ዲፓርትመንቱ ለአራት ወር ከሌላ ቦታ ጂፒ ወይም ተጨማሪ ኢንተርን እንዲመደብለት መጠየቅም የሚችለው ያኔ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ጠይቆ ሰው ያገኘ ዲፓርትመንት አላየሁም።

ከወሊድ በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። የሕፃናት ማቆያ ያላቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እየበዙ ነው፤ ነገር ግን ማቆያው የሚሠራው በቢሮ ሰዓት ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ይዘጋል፤ ዱቲሽ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ጡት የምታልብበት ንጹሕ ክፍልና ማቀዝቀዣ ይኑር ማለት ከማቆያ ያነሰ ጥያቄ ስለሆነ አስቀድሙት። አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር፦ ከፈቃድ የተመለሰች ሬዚደንት እጇ ቀዝቅዞ ነው የምትመጣው። የመጀመሪያ ሳምንቷን ሙሉ ሌሊት ኢመርጀንሲ ላይ ከመጣል ሁለት ሦስት ኢሌክቲቭ ቀን ከሲኒየር ጋር ብትገባ ለታካሚውም ይበጃል። በታካሚ ደኅንነት ስም የቀረበ ጥያቄ ደግሞ በሴት ስም ከቀረበው ቶሎ ይሰማል፤ መራር ቢሆንም ተጠቀሙበት።

ቀጥሎ የስም ነገር። መካሪ ታገኛላችሁ፤ አገሩ መካሪ አላጣም። የሚጎድለው አንቺ በሌለሽበት ስብሰባ ስምሽን የሚጠራ ሰው ነው። «ላፓራስኮፒ ስልጠና አንድ ቦታ አለ፣ ማንን እንላክ?» ሲባል ዝም በሚባልበት በዚያች ደቂቃ የሚነገረው ስም አእምሮ ላይ የቀረበው ነው፤ የቀረበው ደግሞ ትናንት ማኪያቶ አብሮ የጠጣው ነው። እኔ ተናጋሪ ወይም ሰልጣኝ አምጪ ስባል የምሰጠው ስም አስቀድሞ በወረቀት የተያዘ ነው፦ ማን ምን ላይ እንደምትሠራ፣ ምን እንደጻፈች፣ ስልኳ። እናንተም ይህንን ዝርዝር አዘጋጅታችሁ ለሲኒየሮቻችሁ አድሉ። ወንድም ሴትም ሲኒየር የሚያስብበት ጊዜ የለውም፤ ዝግጁ ዝርዝር ከያዘ ይጠቀምበታል። «በነጥብ ድጋፍ ነው የገባችው» ለሚለው ሐሜትም ከክርክር ይልቅ ይህ ይሻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የሰጠው የድጋፍ እርምጃ የሚያገለግለው በር ላይ ነው፤ ቦርድ ፈተና ላይ ማንም ነጥብ አልጨመረልንም።

ስለ ትንኮሳ። ይመጣባችኋል፤ ሳትዘጋጁ አይምጣባችሁ። ግሩፕ ላይ የሰው ስም አይጻፍ፤ ተበዳይዋንም እናንተንም በስም ማጥፋት ያስከስሳል፣ ማስረጃውንም ያበላሻል። ሥራችሁ ፍርድ መስጠት አይደለም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ ማን እንደነበረ በዚያው ቀን እንድትጽፍ መርዳት፤ መልእክቶቹን ከነቀናቸው ማስቀመጥ፤ ክስ ለማቅረብ ከወሰነች እስከ ቢሮው በር አብሮ መሄድ፤ ካልወሰነችም ውሳኔዋን ማክበር ነው። ከዚያ ሲኒየር ጋር ብቻዋን ዱቲ እንዳትገባ ሠንጠረዥ መለዋወጥ ትችላላችሁ፣ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። አጥፊው ሠንጠረዥ አውጪው ራሱ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከዲፓርትመንቱ መውጣት አለበት፤ ዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለው፣ የቢሮውን ኃላፊ ችግር ሳይመጣ ተዋወቋት።

ቴሌግራሙን ተጠቀሙበት፣ ግን ለማሳወቂያ ብቻ፦ የስልጠና ማስታወቂያ፣ የዱቲ ለውጥ፣ የቀጠሮ ቀን። የታካሚ ፎቶ በፍጹም። «መልካም ቀን» እና አበባ ከጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ድምፁን ያጠፋዋል። ሥራው የሚሠራው በአካል ነው፤ በወር አንድ ጊዜ፣ ከሞርኒንግ (ከጠዋቱ ስብሰባ) በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ። ቅዳሜና እሁድ አታድርጉት፤ ልጅ ያላትን መጀመሪያ የምታጡት በዚያ ነው።

ማን ይግባ? አዋላጆችንና ነርሶችን አትርሱ። የሴት ሐኪሞች መረብ ብዙ ጊዜ «ሐኪም» የሚለው ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለ ኬዝና ስለ ፌሎውሺፕ ስትነጋገሩ የእናንተ ብቻ ስብሰባ ይሁን፤ የሌሊት ደኅንነት፣ የመቀርቀሪያ፣ የትንኮሳ፣ የጡት ማለቢያ ጉዳይ ሲሆን ግን ሌሊት የሚሠሩ ሴቶች ሁሉ ጉዳይ ነው። በእነዚህ ላይ አዋላጆቹ ከእናንተ ይልቅ ብዙ ናቸው፤ ማኔጅመንቱም የሚሰማው ብዛት ነው።

ወንዶቹን በተመለከተ በአባልነት አትቸኩሉ፣ በሥራ ግን ዛሬውኑ አስገቧቸው። ሲኒየራችሁን «ደግፉን» አትበሏቸው፤ ድጋፍ ማለት ምንም ማለት አይደለም። «በወር አንድ ኢሌክቲቭ ቀን አብሬዎት ልግባ፣ ዋናውን ክፍል አሠሩኝ» በያቸው። እሺ ካሉ ከሃያ የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ምዝገባ አያስቸኩላችሁም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ማኅበር ለማቋቋም አምስት አባል በቂ አድርጎታል፤ በፊት በነበረው 621/2001 ጊዜ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በፆታ እኩልነት ጉዳይ መሥራት አይችልም ነበርና ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ማኅተም ያለው ነገር የኦዲት ሪፖርት፣ ጠቅላላ ጉባኤና ዓመታዊ ዕቅድ ይዞ ይመጣል፤ ያንን ደግሞ ዱቲ ወጥታ የምትጽፈው አንዷ ናት፣ ያለ ክፍያ። ለመጀመሪያው ዓመት በነባሮቹ ማኅበራት ውስጥ የሴቶች ኮሚቴ ወይም የቅርንጫፍ ቡድን ሁኑ። ማኅበራቱ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ስልጠና ስለሚሰጡ አንዱን በእናንተ ከተማ እንዲያዘጋጁት ጠይቁ፤ ለፈቃድ እድሳት የሚቆጠር ስልጠና ካለ ሰው ሳይለመን ይመጣል።

ውጭ ያሉ እህቶቻችንም አሉ። አሜሪካ ያሉትን ብዙዎቹን ያስቸገርናቸው «እርዱን» በሚል ክፍት ጥያቄ ነው። ክፍት ጥያቄ ገንዘብ ብቻ ያመጣል፣ እሱም አንዴ። ይልቅ «በወር አንድ ሰዓት አስቸጋሪ ኬዝ አብረን እንይ» ወይም «ይህቺን አብስትራክት እስከ አርብ አንብቢልኝ» በሉ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ለምሳ እረፍታቸው ይመቻል። እኔም የምጠቀምበትን የሎግቡክ ሠንጠረዥ ከፈለግሽ እልክልሻለሁ፤ አምዶቹን ከዲፓርትመንታችሁ ጋር እንዲስማማ አድርገሽ ቀይሪው።